ሽምግልናው የዘይት ሰልፍ የሆነ ዕለት

ውድ ጋሽ ዘውገ፣

«ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ» ልል ነበር፤ ግን ያሉበትን አውቀዋለሁ። ከእኛ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ማዶ ጨርቅ ሲሸጡ ነው የሚውሉት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በበራችን ላለማለፍ በጭድ ተራ ዞረው እንደሚሄዱ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። በዚያ ጉልበትዎ! እናቴ «እኚህ ሰውዬ በእኛ ጦስ በእግራቸው ሊያልቁ ነው፤ ኧረ ጻፊላቸው» ብትለኝ ነው የጻፍኩት።

ብሥራት ዩኒቨርሲቲያችን ቤተ ሙከራ ውስጥ በር ዘግቶ በግድ እንደያዘኝ ለዩኒቨርሲቲው ካመለከትኩ ሳምንታት አልፈው ነበር። አባቱ የልብ ወዳጅዎ ናቸው፤ እሱንም ክርስትና ያነሡት እርስዎ ነዎት። እናም ያን ቅዳሜ ነጭ ጋቢዎን ለብሰው፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ባልዲና ሳፋ ከሞላት ጠባብ ሱቃችን በር ላይ ቆሙ። እናቴ ደንግጣ በርጩማ ብታቀርብ፣

«ልጅቷ ክሱን አነሣለሁ ካላለች አንቀመጥም» አሉ።

ወጉ ነው፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ግን ጋሽ ዘውገ፣ መርካቶ ውስጥ አራት ሰው ተከታትሎ በአንድ ሱቅ በር ላይ ከቆመ ምን እንደሚሆን እንዴት ጠፋዎት? መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ ባዶ ጀሪካን ይዘው ከኋላችሁ ቆሙ። «ዘይት መጥቶ ነው?» ሲሉ ማንም አልመለሰላቸውም። ዝም ከተባለማ በእርግጥ መጥቷል ማለት ነው፤ ሰልፉ እስከ መሳለሚያ መታጠፊያ ደረሰ። አንድ ተሸካሚ ራሱን ሰልፍ አስከባሪ አድርጎ ሾመና «አባት፣ መስመርዎን ይያዙ!» አለዎት።

እርስዎ በሹክሹክታ «ልጄ፣ የሁለት ቤተሰብ ስም ነው፤ ነገሩ በእርቅ ይለቅ» ይሉኛል። ባለ ጀሪካኗ ከኋላ «አይሰማም!» ይላሉ።

ሣቄም እንባዬም እኩል መጣ። ስለዚያ ቀን ሰው ፊት መናገር ያስፈራኝ ነበር። ግን አፌን ከፈትኩ።

«ጋሽ ዘውገ፣ እናቴና ጋሽ ጎበዜ በሱቅ ወሰን ሲጣሉ የጋሽ ጎበዜን አማች ከዳኞቹ መሀል ያስነሡት ለምን ነበር?»

«አማቹ ነዋ! እንዴት ብሎ ይፈርዳል?» አሉ ኮራ ብለው።

«የእኔን ክስ የሚያየው ኮሚቴ ሰብሳቢ የብሥራት አጎት ናቸው። እስካሁን እኔንም አልጠሩኝም፣ እሱንም አልጠየቁትም።»

ይህን ማንም አልነገረዎትም ነበር፤ ከፊትዎ ገባኝ። «ዳኛው አጎቱ ናቸው?» ብለው ባለ ጀሪካኗ ጮኹ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከመታጠፊያው በኩል «ዘይቱን የደበቀው አጎቱ ነው አሉ!» የሚል ጩኸት ሰማን።

እርስዎም ተቀመጡ። እሺ ሳልልዎት! ያውም በርጩማው ላይ አይደለም፤ ተገልብጦ የነበረ ሰማያዊ ባልዲ ላይ። ባልዲው ተሰነጠቀ። ሽማግሌዎቹ አይተው የማያውቁትን ነገር ያዩ ይመስል እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁላችሁም ሳትመርቁን ሄዳችሁ።

አፍረው እንደሆነ አይፈሩ። ከዚያ ቀን በፊት ቁጭ ብሎ የሰማኝ ሰው አልነበረም።

አሁን በድጋሚ አመልክቼ አጎትየው ከኮሚቴው ተነሥተዋል። ሐሙስ እኔም ብሥራትም እንጠየቃለን፤ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ይዘን እንድንገባ ተፈቅዶልናል። እኔ የመረጥኩት እርስዎን ነው። እናቴ ስትሰማ «አብደሻል? የልጁ የክርስትና አባት እኮ ናቸው!» ብላ የያዘችውን ሳፋ ለቀቀችው።

ለዚያም ነው የመረጥኩዎት። ዳኛ እንዲሆኑ አይደለም፤ ፍርዱ የሌሎች ነው። ብሥራትን ይወዱታል፤ እሱ ሲናገር ማንም እንዲያቋርጠው አይፈቅዱም። እኔ ስናገርም አይፈቅዱም፤ ጋሽ ጎበዜና እናቴ ሲጯጯሁ ሁለቱንም በየተራ ሲያናግሩ አይቻለሁ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ እሱ በደንብ ቢሰማ የሚቀንስብኝ ነገር የለም። ብቻዬን መግባቱን ግን እፈራለሁ።

ባልዲውን እናቴ አልጣለችውም፤ «ጋሽ ዘውገ የተቀመጡበት» እያለች ለደንበኛ ታሳያለች። ሐሙስ ጠዋት በጭድ ተራ አይዙሩ፤ በእኛ በር ይምጡ። ብቻዎን ይምጡ፣ ሰልፍ እንዳይሆንብን። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ወንበር ሲሰጡዎት እሺ እስክንል አይጠብቁ። ይቀመጡና ሁለታችንንም ይስሙን።

ከኋላዎ የምሰለፈው፣
የፋንታዬ ልጅ ፀደይ