ዝገቱን ብቻ ብለኸኝ ነበር

ዳባት፣ ታኅሣሥ 1971 ዓ.ም.

ውድ ጎረቤቴና ወንድሜ ዋሴ፣

ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ባለቤትህ አረጋሽ ስንቅህን ይዛ ደባርቅ እስር ቤት ብትሄድ፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው መለሷት። ያን ቀን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገባች። እኔም ለቀስተኛ ሆኜ መጣሁልህ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የቀበሌውን አዋጅ አብረን ነው የሰማነው። ጠመንጃ ያለው ያስረክብ፤ ያባት ጎራዴ ዱልዱም ከሆነ ለቅርስነት ተመዝግቦ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የተሳለ ከተገኘ ግን መሣሪያ ነው፣ ያሳስራል ተባለ። በማግስቱ ጎራዴውን ይዘህልኝ መጣህ።

«ቢራራ፣ ዝገቱን ብቻ አንሣልኝ። ያባቴ ነገር ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አይቅረብ» አልኸኝ።

ዝገቱን አነሣሁት። ከሥሩ የወጣው ብረት ግን፣ ምን ልበልህ፣ እጄን በላኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማጭድና የጓዳ ቢላዋ ስስል የኖርሁ ሰው፣ እንዲያ ያለ ብረት ነክቼ አላውቅም። ጫፉን ብቻ ልሞክረው ብዬ ሞረዱን አነሣሁ። ስጨርስ ፀጉር ይላጭ ነበር። አዋጁን ረስቼው አይደለም፤ ማን መዝዞ ያየዋል ብዬ ነው። አፎቱ ውስጥ ከትቼ ሰጠሁህ፤ አንተም አምነኸኝ ሳትመዘው ሄድህ።

ቀበሌ ልታስመዘግበው ስንሄድ ግን ካድሬው መዘዘው። የክንዱን ፀጉር ላጭቶ አየበት።

«ማነው የሳለው?» ሲልህ እኔ ከኋላህ ቆሜ ነበር። ዞረህ እንኳ አላየኸኝም።

«እኔው ራሴ» አልኸው።

ልናገር ነበር ብዬ አልዋሽህም። ፈራሁ፣ ዝም አልሁ፣ ወሰዱህ።

ትናንት አረጋሽ ማጭድህን ይዛ መጣች። ገብሱ ደርሷል፣ የሚያጭድላት የለም። ማጭዷን ከሰጠችኝ በኋላ አልሄድ አለች።

«አያ ቢራራ፣ ዋሴ ይቺን እንኳ በእጁ ስሏት አያውቅም። ሁልጊዜ ወደ አንተ ነበር የሚያመጣት። ያን ጎራዴ ማን ሳለው?»

«እኔ ነኝ» አልኋት።

አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ማጭዷን ከእጄ ወሰደችና ወጣች።

ዛሬ ከደጄ ሆኜ አያታለሁ። ገብስህን በዚያው በዶለዶመ ማጭድ እየገዘገዘች ታጭዳለች።

ያልተናገርሁልህ ወንድምህ፣
ቢራራ