የመንደሪኑ ጉንዳኖች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሹዪንግ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሰማይ ይመስገን ደህና ነን፤ መንደሪኑ ሲበስል ግን ናፍቆትሽ ይብስብናል።

«ፀረ ተባይ መርጨቱን ተዉና ጉንዳን አስገቡ» ያልሽንን ሰምተን ነው ዘንድሮ ያለፈልን። አባትሽ ጉንዳኖቹ ራሳቸው ከቅጠል የሰፏቸውን ጎጆዎች ዛፎቹ ላይ ሰቀለ፤ እንዲሻገሩም ከዛፍ ዛፍ ቀርከሃ ዘረጋላቸው። ጎረቤታችን ፉክ «ሰው ጉንዳን ያባርራል፣ እናንተ ድልድይ ትሠሩለታላችሁ!» እያለ ሲስቅብን ከረመ። ጉንዳኖቹ ግን ፍሬውን እየመጠጠ የሚያረግፈውን ያን ገማታ ተባይ ለቅመው በሉት። አሁን ቅርንጫፉ ከፍሬ ብዛት መሬት ነክቷል። ትናንት ፉክ ራሱ «እስቲ አንድ ጎጆ ስጡኝ» ብሎ መጣ። ተባረኪ ልጄ፤ ትምህርትሽ ለእኛም ተረፈ።

አባትሽ ደስ ብሎታል። ድሮ አንዲት ጉንዳን ስትነክሰው ጩኸቱ ወንዝ ማዶ ይሰማ እንደነበር ታውቂያለሽ። ትናንት ከፉክ ጋር ቆሞ ሲያወራ እግሩን ወርረውት ነበር።

«ኧረ ሰውዬ፣ እግርህን ጨረሱህ እኮ!» አለው ፉክ።

አባትሽ ጎንበስ ብሎ አየና «ዘመድ ሆነናል፤ እኔን አይነክሱም» ብሎ ሳቀ።

ማታ እግሩን ሳጥብለት ግን ንክሻው ቀይ በቀይ አድርጎት አየሁ፤ እሱ አንዱም አልተሰማውም። የእግሩ አውራ ጣት ላይ ያለችው ቁስልም ከክረምት ጀምሮ አልድን ብላለች። ውሃ እንደ ጉድ ይጠጣል። «ሙቀቱ ነው» ይለኛል፤ እኛ ሹራብ ደርበናል።

ለለቀማው ነይልን። ያቺ ሐኪም ጓደኛሽም አብራሽ ትምጣ፤ ለእሷም የሚተርፍ ፍሬ አለ። ለአባትሽ መንደሪን ልትበላ እንደመጣች ብቻ ንገሪው።

ሰማይ ይጠብቅሽ፤
እናትሽ