ከኋላ ሆነው ይጣሩ የነበሩት የጋሽ ሙሉ የሕይወት ታሪክ

አብዛኞቻችሁ ጋሽ ሙሉ ብላችሁ የምታውቋቸው አባታችን በ1943 ዓ.ም. በጥር ወር ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው። አንደኛው የአባታቸው መሥሪያ ስለነበር አልጋና መጋዝ ተጎራብተው ይውሉ ነበር። አያታችን ስለ በኩር ልጃቸው ሲያወሩ፣ ሕፃኑ ባስነጠሰ ቁጥር ሰጋቱራ ይወጣው ነበር እያሉ ያስቁን ነበር።

ከስምንት ዓመት በኋላ ወንድም ተወለደላቸው። አባታቸው ብዙም ሳይቆዩ በማረፋቸው፣ ይህን ወንድማቸውን እንደ አባትም እንደ ታላቅም ሆነው አሳደጉ። በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ገና ጢም ሳያበቅሉ ከእናቶችና ከአባቶች መካከል የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ከፊት ረድፍ ያሉት አጎታችን ይህን ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ ያነሡታል። እውነታቸውን ነው።

አባታችን ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ ወደ ጤና ማሠልጠኛ ገብተው የጥርስ ቴክኒሻንነት ተማሩ። በ1964 ዓ.ም. ተመርቀው በሆስፒታል የጥርስ ክፍል ሠሩ፤ ኋላም ከመንገድ ማዕዘን ላይ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ከፈቱ። ሥራቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነበር። በተወሰደው የአፍ ልክ ላይ ጄሶ ያፈሳሉ፤ ሲደርቅ ይሞርዳሉ፤ የጥርሱን ቀለም መስኮቱ ሥር ይመርጣሉ። በአምፖል ብርሃን ቀለም መርጠው አያውቁም። ጥርሱ ሲያልቅ ደግሞ ባለቤቱን አስቀምጠው ወሬ ያስጀምሩታል። ንከስ የተባለ ሰው ተጠንቅቆ ስለሚነክስ፣ ጥርሱ መግጠም አለመግጠሙ የሚታወቀው ሰውየው አፉን ረስቶ ሲያወራ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ የሰው ወሬ መስማት ለእሳቸው ሥራም መዝናኛም ነበር።

ከእናታችን ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ነው። እናታችን አባታቸውን ይዘው መጥተው፣ ሽማግሌው ለሚጠየቁት ሁሉ መልሱን የሚሰጡት እናታችን ሆኑ። ጥርሱን መፈተን ስላልተቻለ ሌላ ቀን ተቀጠሩ፤ ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌው አያታችን ጥርሳቸው ከገጠመ እንደቆየና የማይገጥመው የቀጠሮው ምክንያት እንደሆነ ተናገሩ ይባላል። በ1968 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ብስክሌት የጀመሩት ሥራ ለመመላለስ ነው። ፍቅሩ የያዛቸው ግን ወንድማቸውን ሲያስተምሩ ነው። መቀመጫውን ከኋላ ይዘው አብረው ይሮጡ ነበር። ሌላው አስተማሪ ይዤሃለሁ እያለ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ አባታችን ግን በለቀቁበት ቅጽበት «ለቅቄሃለሁ» ብለው ነገሯቸው። አጎታችንም ወዲያው ወደቁ። ለምን ዝም አላልክም ተብለው ሲወቀሱ፣ ይዤዋለሁ ብዬ እንዴት እዋሻለሁ ነበር መልሳቸው። በዚህ አጎታችንም ሲስቁ ኖረዋል።

ሁለቱ ወንድማማቾች እሑድ እሑድ ጠዋት መውጣት ሲጀምሩ ሌሎችም ተጨመሩ። መገናኛቸው የነዳጅ ማደያው አጥር ሥር ነበር። ከሁሉ የቆዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የአውቶቡስ ሹፌሩ ሲሆኑ፣ ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ ስለማያልቅ በብስክሌቱ ሰንሰለት ስም ካቴና ተባሉ። ሁለተኛዋ ፋርማሲስቷ ናቸው፤ ቁልቁለት ሲያዩ ጣታቸው ከፍሬን ስለማይነሣ ፍሬን ተባሉ። ካቴና ሦስተኛ ብስክሌታቸውን ዛሬ መሪውን፣ በሌላ ቀን ጎማውን እያሉ ቤት አስገብተው፣ ባለቤታቸው ያወቁት ተገጣጥሞ ሳሎን ሲቆም ነው። ፍሬን ደግሞ ቁልቁለት ሲወርዱ በእግሩ የሚወርድ ሰው ሰላም ብሏቸው እንዳለፈ ይነገርባቸዋል። መቀመጫ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ጎማ ምን ያህል ይነፋ፣ ማን ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር ረሳ በሚል ክርክር መንገዱ ያልቅ ነበር። አንድ ሰሞን ከመካከላቸው የማን ብስክሌት ሲጥ ሲጥ እንደሚል ሲወዛገቡ ከርመው፣ ጥፋተኛው የካቴና ጫማ ሆኖ ተገኘ። አባታችን በዚህ ሁሉ ትንሽ ይናገራሉ፤ ብዙ ይሰማሉ። ካቴና ወድቀው የፊት ጥርሶቻቸውን ባጡ ጊዜም አዲሱን ጥርስ የሠሩላቸው እሳቸው ናቸው። ለማስወራት ምንም ጥረት እንዳላስፈለጋቸው በሳቅ ይናገሩ ነበር።

ሙሉ የሚለው ስም እናትና አባታቸው ያወጡላቸው አይደለም። አንድ እሑድ የፍሬን ጎማ ተንፍሶ፣ ፊት ያሉት ሳያውቁ ጥለዋቸው ሄዱ። ፍሬን ብስክሌታቸውን እየገፉ ብቻቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አባታችን መጨረሻ ላይ መንዳት ጀመሩ። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ፣ ሁሉም መታጠፉን ሲያዩ ከኋላ ሆነው «ሙሉ» ብለው ይጣራሉ። ሙሉ ካልተባለ ፊተኛው ይቆማል። ቃሉ የመጣው ከማደያው ነው፤ ነዳጅ ቀጂው ብስክሌተኞቹን ባየ ቁጥር ሙሉ ልሙላላችሁ እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ቃሉም ልማዱም ጸና፣ እሳቸውም ጋሽ ሙሉ ሆነው ቀሩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚያ ቡድን መንገድ ላይ የተረሳ ሰው የለም።

በ2011 ዓ.ም. ጉልበታቸው ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪማቸው ብስክሌቱን አልከለከሉም፤ እንዲያውም ይበጅዎታል አሉ። ነገር ግን ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይቀሩ ጀመር። ቀድሞ መጨረሻ የሚሆኑት ፈልገው ነበር፤ አሁን ግን ሳይፈልጉ ሆነ። ሌሎቹ ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ላባቸው ይደርቃል፣ ወሬያቸውም ያልቃል። አባታችን ሲደርሱ ሁሉም ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ በደንብ እንዳልገጠመ ያዩ ነበር፤ ያን ማየት ሥራቸው ነውና። ቢሆንም የሚነግረኝ ሰው ካለ ይነግረኛል ብለው ጠበቁ።

በተከታዩ ዓመት ቅዳሜ ማታ ስልክ መደወል ተጀመረ። የሚደውሉት አጎታችን ነበሩ። ነገ ነፋስ ስለሚኖር ጉዞ የለም አሉ። አባታችን ነፋሱ ከየት በኩል እንደሆነ ጠየቁ፤ ከፊት ለፊት ነው ተባሉ። ከፊት ከሆነ እኔ ከኋላ ነኝ፣ ምን ይነካኛል ብለው ቀለዱ። አጎታችንም ሳቁ። በሌላ ሳምንት ካቴና ሥራ ገብተዋል ተባለ፤ በሌላው ደግሞ ፍሬንን አሟቸዋል። አባታችን ለፍሬን ማገገሚያ ብርቱካን ገዝተው በሰው ላኩ። ብርቱካኑ ሲደርስ ፋርማሲስቷ መድኃኒት ቤታቸው ቆመው ይሸጡ እንደነበር የነገሩን ራሳቸው ናቸው።

ጉዞ የለም በተባሉበት አንድ እሑድ አባታችን መሥሪያ ቤታቸው ገብተው የአንዲት አሮጊትን ጥርስ መስኮቱ ሥር ይሞርዱ ጀመር። ከታች የሚያውቁትን ድምፅ ሰሙ፤ ብስክሌተኛ መርገጡን ሲያቆም የኋላ ጎማው የሚያሰማውን ቲክታ፣ ብዙ ሆኖ። ወደ ታች ሲያዩ አጎታችን ከፊት ናቸው። ከኋላቸው ካቴና ወደ ጎን ዞረው ያወራሉ፣ ፍሬንም አሉ። አንድ በአንድ ማዕዘኑን ታጠፉ። መጨረሻ ላይ የነበረው አባታችን የማያውቁት አዲስ ሰው ነው። እሱም እንደታጠፈ ከኋላ ሆኖ «ሙሉ» ብሎ ተጣራ። ማንም አልቆመም። አባታችን ሞረዱን አስቀመጡ። ጥቂት ቆይተው እንደገና አንሥተው የአሮጊቷን ጥርስ ጨረሱ፤ ሥራ በጅምር ትተው አያውቁም ነበርና።

ከዚያ ቀን በኋላም ስልኩ ይደወላል። አባታችን እሺ ይላሉ፣ ደህና እደር ይላሉ። ያዩትን ለማንም አልተናገሩም። እናታችን እንኳ ለምን ብቻህን አትወጣም ሲሏቸው ጉልበቴን ያመኛል ይሉ ነበር። ኋላ ለትልቋ ልጃቸው እንደነገሯት፣ በያንዳንዱ ስልክ ላይ ወንድማቸው እውነቱን እንዲናገሩ ይጠብቁ ነበር። የጠበቁት ይቅርታ አልነበረም። ዘግይተህብናል የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀና አልጋ ላይ ዋሉ። ፍሬን ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ሁሉንም ተናዘዙ። ነገሩ የተመከረው በማደያው አጥር ሥር ነው። ማንም እንዳይከፋቸው ፈልጎ እንጂ ጠልቷቸው አልነበረም። ማን ይደውል በተባለ ጊዜም አጎታችን፣ «እኔ ልደውልለት፤ ከኔ ከሰማ አይጠራጠርም» ማለታቸውን ነገሯቸው። አባታችን ካወቁ እንደቆዩ ገለጹላቸው፤ እንባቸውን እንዲጠርጉ ፎጣ ሰጧቸው፤ የብርቱካኑንም ነገር አንሥተው አሳቋቸው። ከፍሬን ጋር በዚያ ታረቁ።

አጎታችን በየቀኑ ሆስፒታል ይመጡ ነበር፤ ማንም ይህን አይክድም። ምግብ ያቀርባሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ። አንድ ሰኞ መጥተው፣ አንተ ከተኛህ ወዲህ ቡድኑም ተበትኗል፣ ያለ አንተ ምን ጣዕም አለው ብለው አጫወቷቸው። ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሯል። በሁለቱም ጉንጫቸው ላይ፣ የሄልሜቱ ማሰሪያ ባለፈበት፣ ከጆሮ እስከ አገጭ ያልጠቆረ ቀጭን መስመር ነበር። አባታችን መስመሩን እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው፤ ከዚያ ደክሞኛል ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በዚያው ዕለት ትልቋን ልጃቸውን አስቀርተው ይህ ሁሉ እንዲጻፍ አዘዟት። ልጅቷ በሰው ፊት እንዴት ይነበባል ብላ ተከራከረች። እሳቸው ግን፣ «ብቻዬንም ብሆን መንዳት እችል ነበር። ጉዞ የለም ሲሉኝ አምኜ ቁጭ ያልኩባቸውን እሑዶች ማን ይመልስልኛል?» አሏት። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም።

ቡድኑ ማልያውን ለብሶ፣ በብስክሌት ሆኖ አስከሬኑን ሊያጅብ እንደሚያስብም ሰምተው ነበር። ስለዚህም የተናዘዙት አጭር ነው፦ «በቁሜ ያላስከተሉኝ፣ ሬሳዬን አይከተሉ። መምጣት የፈለገ በእግሩ ይምጣ።»

አባታችን በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. ማለዳ ላይ፣ እናታችን እጃቸውን እንደያዙ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በዚህች ከተማ ሲያወሩም ሲስቁም በእሳቸው ጥርስ የሚጠቀሙትን ሁሉ ቤተሰብ ብንል ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። በሕመማቸው ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ዛሬ ብስክሌታቸውን ቤታቸው ትተው በእግራቸው ለመጡትም ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ስለ አጎታችን በመጨረሻ የተናገሩትን ሳናነብ አንጨርስም። ልጆቻቸው አስከሬኑን ማን ይሸከም ብለን ስንጠይቃቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ቆጠሩልን። ወንድምዎስ ስንላቸው፣ «እሱማ ወንድሜ ነው። በራስጌ በኩል ይያዝ፣ ለማንም አያቀብል። ልክበደው።» አሉን።

አጎታችን፣ ቦታዎ በራስጌ በኩል ነው። ሌሎቹ ለማንሣት እርስዎን ይጠብቃሉ።

ሲጠብቁ ለደከሙት ለአባታችን ነፍስ ፈጣሪ ዕረፍትን ይስጥልን፤ ለእኛ ለቀረነውም ፊት ለፊት የምንነጋገርበትን ጊዜ አያሳጥርብን።