ልጃችን የእንቁላል ቡና ስታስተምረኝ

ሃኖይ፣ ግድግዳው ሳይቀር ላብ በሚያጠምቀው በዚህ የካፊያ ወር

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ትንሽ ለቀቅ አድርጎሃል? ካፊያው እዚያም ከበረታ በሞቀ ጨው መተኮሱን አትተው። ጨውም ጨርቁም ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ዳክዬዎቹንስ ከኩሬው የሚመልስልህ አገኘህ? እኔ የአያቶቻችን መንፈስ ይመስገን ደህና ነኝ። ያጠብኩት ልብስ አልደርቅ እያለ ያናድደኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

የአጎቴ ሙት ዓመት እሑድ አልቋል። ስትደውል «ነገ እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» እያልኩ የሸነገልኩህ ዘመድ ስለያዘኝ አልነበረም። በስልክ ያልነገርኩህ ስሟን ገና ስጠራ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው። የጀመርከውን ጽሑፍ ግን ሳትጨርስ አትተውም። ግድብ ስትቆጣጠር በኖርክበት ዘመን ሁሉ አንድም ወረቀት ከመሃል ጥለህ ስታልፍ አላየሁም። ስለዚህ ይህንንም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሉዋን አገኘኋት።

ተነስተህ ወደ ግቢ ወጥተህ እንደሆነ ተመለስና ተቀመጥ። በአያቶቻችን መሠዊያ ፊት ቆመህ «ከዛሬ ጀምሮ ሴት ልጅ የለኝም» ካልክ ወዲህ ስሟን ቤት ውስጥ አንስቼብህ አላውቅም። የጥሎሹ ቀይ ሣጥኖች ሳይከፈቱ ለወንድ ልጁ ወዳጫት ጓደኛህ ቤት ሲመለሱ፣ መንደሩ በየደጁ ቆሞ ሲያይህ፣ ከጎንህ ሆኜ የተራመድኩት እኔ ነኝ። «የሠርግ ቀን ከተቆረጠ በኋላ እምቢ ትላለች?» ስትል እውነትህን ነበር። «ከማልፈልገው ሰው ጋር አልኖርም» ስትል እሷም እውነቷን ነበር። እኔ በሁለት እውነት መካከል ሩዝ እየቀቀልኩ ኖርኩ።

የነገረችኝ የአጎቴ ልጅ ምራት፣ ሆአይ ናት። ሙት ዓመቱ ላይ ሳህን እያጠብን ሳለ ጠጋ ብላ፣ «አክስቴ፣ አይቆጡኝና፣ ከሐይቁ ጀርባ የእንቁላል ቡና አሠራር የምታስተምር ልጅ አለች። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ሄጄ ተምሬ ነበር። አነጋገሯ የእናንተ የታይ ቢን ነው። ስትቆጣ ደግሞ ልክ እንደ እርስዎ አንድ ቅንድቧን ታነሳለች» አለችኝ። በእጄ የያዝኩትን ሳህን ደጋግሜ አጠብኩት።

ለምን ደጇ ሄደሽ አላንኳኳሽም ትለኝ ይሆናል። ከቤት እንደወጣች ለእኔ የላከችው ቃል፣ «ከቤት ሰው ከመጣብኝ ሥራውንም ከተማውንም ጥዬ እጠፋለሁ» የሚል ነበር። ቃሏን እንደምትጠብቅ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በር ላይ ብቆም በጓሮ ትወጣለች። ተማሪ ሆኜ ከፊቷ ብቀመጥ ግን ሌሎቹን ጥላ የት ትሄዳለች? ሆአይ በራሷ ስም አስመዘገበችኝ።

ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከደረጃው በላይ ያለችው ክፍል ዝቅተኛ ጠረጴዛና የሕፃን በርጩማ የሚያህሉ መቀመጫዎች አሏት። ሊጋቡ የደረሱ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ነበሩ። ከእነሱ ወዲያ ጉልበቱ ጆሮው ጋ የደረሰ አንድ ግዙፍ አውስትራሊያዊ ተቀምጧል። የቤቱ ባለቤት እማማ ኛን በሩ አጠገብ ውሃ ታፈላለች። እኔ ጥጉን ያዝኩ። 

ሉዋ እንቁላል የሞላ ቅርጫት ይዛ ገባች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ፊቷ ሞላ ብሏል። ከወፍራም ሹራብ በላይ ሰፊ ሽርጥ አስራለች። ሁላችንንም በፈገግታ ስታይ መጥታ እኔ ላይ ስትደርስ ፈገግታው ሳይጠፋ ደረቀ። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ሳታነሳ ቆየች። ሮጣ የምትወጣ መስሎኝ ከወንበሬ ግማሽ ተነሳሁ።

አልሮጠችም። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች፣ በእኛም በፈረንጁም ቋንቋ። ስም መጠየቅ ጀመረች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እርስዎንስ ማን ልበል?»

«ሆአይ።»

«ወይዘሮ ሆአይ። ከየት መጡ?»

«ከታይ ቢን።»

«ሩቅ ነው። ለቡና ብለው?»

«ሰው ለሚወደው ነገር ምን ሩቅ አለ?»

«ብዙዎች ወደድነው ይላሉ፣ ሲቀምሱት ግን ይተፉታል» አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ቡናውን ፊን በሚሉት የብረት ማጥለያ ውስጥ አድርገን ለዘብ ባለ እጅ እንድንጫነው፣ በጥቂት ሙቅ ውሃ አርሰነው እንድንታገስ፣ ከዚያ እንድንሞላው ነገረችን። የሁላችንም ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር የአውስትራሊያዊው ፊን ጭጭ አለ። በእነዚያ እጆቹ ደፍጥጦታል። እማማ ኛን ከምድጃዋ ሆና «ይሄ ሰውዬ ቡናውን ቀበረው እንጂ መች አፈላው!» አለች። ሉዋ ተረጎመችለት፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር። እኔና ልጅህ ብቻ አልሳቅንም።

ከዚያ አስኳሉን ከነጩ መለየት መጣ። እንቁላሎቹ ሲሰበሩ ሉዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አየር ሳበች። ገረመኝ። ጥሬ እንቁላል ጫፉን በስታ ስትመጥ ከዶሮ ቤት ያባረርካት ልጅ!

አስኳሉ ላይ የጣሳ ወተትና ጥቂት ማር ጨምረን መምታት ጀመርን። እሷ በየሳህኑ እየዞረች ታርማለች። እኔ ጋ ስትደርስ ርቀቷን ጠብቃ ቆመች።

«ወይዘሮ ሆአይ፣ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ከሆነ ይበጠበጣል እንጂ አይነሳም። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ።»

«ከተሳሳቱ መመለስ አይቻልም?»

«አይቻልም።»

«እና ምን ይደረጋል?»

«ይደፋል። በሌላ እንቁላል ይጀመራል።»

የባንኳ ልጅ «ኧረ መምህርት፣ ለአንዲት እንቁላል እንዲህ ትጨክኛለሽ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። እማማ ኛን ብድግ አለች፦ «እመቤት፣ እንቁላሉ ምን በደለዎት? ሳህኔን ሊሰብሩብኝ ነው!»

ያን ጊዜ አውስትራሊያዊው አንድ ነገር ጠየቀ። ሉዋ የሌላውን ጥያቄ ሁሉ ስትተረጉምልን ቆይታ ይህንን ግን በዚያው በእሱ ቋንቋ ብቻ መለሰች። ስትመልስ ሳህኑን ከጎድኗ አስጠግታ፣ ክንዷን ሳታንቀሳቅስ በእጇ አንጓ ብቻ እየመታች አሳየችው። ቋንቋውን ባላውቅም አመታቱን አወቅኩት። የባንኳ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ማን አስተማረሽ ብሏት ነው። አባቴ አለችው። በልጅነቷ ስትታመም በስኳር መትቶ ያበላት ነበር አሉ። ከዚያ የሚጥም ነገር እስከ ዛሬ አልቀመስኩም ነው የምትለው» አለችኝ።

ባለቤቴ ሆይ፣ ያንን ስሰማ መታገሥ አቃተኝ። ቃል ለራሴ ገብቼ ነበር። ትምህርቱ እስኪያልቅ ዝም እላለሁ ብዬ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«መምህርት፣ አባትሽ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ይጠይቅሻል?»

የሁሉም መምቻ ቆመ። መተርጎም ሳያስፈልገው አውስትራሊያዊው እንኳ ቀና አለ። ሉዋ ያቺን ቅንድቧን አነሳች።

«ወይዘሮ ሆአይ፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው።»

ስኒዎቹ የሚቀመጡበትን ሳህን ሙቅ ውሃ ልትሞላ ማንቆርቆሪያውን ብድግ አደረገች። ከብዷት ዘነበለባት። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ ወደ እኔ ሲመጣ እማማ ኛን ዘልላ ማንቆርቆሪያውን ነጠቀቻት። «ስንቴ ልንገርሽ አንቺ ልጅ! ከባድ ነገር አታንሺ አላልኩሽም?» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ እኔን አየች። መልሳ እሷን አየች። እንደገና እኔን አየች። ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ።

«በሉ፣ ፎቶ የምትነሱ ሁሉ ስኒያችሁን ይዛችሁ ታች ውረዱ! ብርሃኑ እዚያ ነው የሚያምረው። አንተም ግዙፉ፣ ተነስ፣ ተነስ!» እያለች እንደ ዳክዬ ነዳቻቸው። በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አለችኝ። ቁጣ ነበር፤ ግን «እርስዎ» ማለቱን ትታለች፤ እኔ ያንን ይዤ ቆምኩ።

«ላይሽ።»

«አባባ ነው የላከሽ?»

«አይደለም።»

«መምጣትሽን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ሳያውቅ ተመለሺ። በእኔ ምክንያት ደግሞ እናንተ እንዳትጣሉ።»

ነይ አብረን እንሂድ አልኳት። ምን ብዬ ልምጣ አለችኝ። ይቅርታ በይው አልኳት። «ለምኑ? እነዚያን ሣጥኖች ተቀብዬ ዕድሜ ልኬን ሳለቅስ ብኖር ደስ ይለው ነበር?» አለችኝ። እንግዲያው ምንም አትበይ፣ ግቢ ብቻ አልኳት። አልችልም አለችኝ። በዚህ ጊዜ እኔም ጮህኩ። «አንቺ ግትር! ቁርጥ እሱን! ሁለታችሁም አንገታችሁ አይታጠፍ፣ እኔ ግን በመካከላችሁ ተሰበርኩ!» አልኳት። እንዲህ ስጮህ አንተም ሰምተኸኝ አታውቅም።

«እማ፣ አልፈልግም መች አልኩሽ? አልችልም ነው ያልኩሽ!» አለች።  እጄን ያዘችና ከሽርጧ ሥር አስገብታ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። በሁለት እጇ ደግፋ እዚያው አቆየችው። ታች አውስትራሊያዊው ሲስቅ ይሰማል። እኛ ግን እንዲሁ ቆምን።

ከዚያ በኋላ ነይ አላልኳትም።

የሠራሁትን ቡና አቀረበችልኝ። አረፋው መሃሉ ላይ ሰምጧል። «ጠጪው፣ እኔ ሽታው አልሆነልኝም» አለችኝ። ጠጣሁት። ከላይ ጣፋጭ፣ ከሥር መራራ፣ ለብ ያለ ነበር። ከዚያ በፊት ከነጋ እህል አልቀመስኩም ነበርና ሆዴን አሞቀው።

ወደ ታች ስንወርድ ካፊያው ውስጥ ሞተር ብስክሌት ይዞ የሚጠብቃት ሰው ነበር። ክዋት ይባላል፣ ብረት በያጅ ነው። ልጄን ያሸፈተ ዱርዬ አየሁ ብዬ ልቆጣ ስዘጋጅ፣ የብየዳ እሳት የለበለባቸውን እጆቹን አጣምሮ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ እሷ አትምጣ እያለችኝ ነው እንጂ ድሮ መጥቼ ደጃችሁ ላይ እቆም ነበር» አለኝ። ሉዋ «በቃ፣ ዝናብ ውስጥ አታቁማት» አለችው። የራስ ቁሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ ሉዋ ሞተሩን ነዳች፣ እሱ በእግሩ ተከተለን።

አሁን የምጽፍልህ ከእነሱ ቤት ሆኜ ነው። አንዲት ክፍል ናት፤ መሃሏን በመጋረጃ ከፍለን እኔ በመስኮቱ በኩል እተኛለሁ። የምመጣው የአምስተኛው ወር ሩዝ ታጭዶ ካበቃ በኋላ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ ዘግይቼ። ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም። ብትቆጣም እዚህ እቆያለሁ፤ እዚህ መቆየት ያለብኝ ሰው ነኝ። ክዋት የአባቱን ወንድም ይዞ ጥሎሹን በሥርዓቱ ሊያመጣ ይፈልጋል። ቀን አልቆረጥንለትም። እሱን የምትቆርጠው አንተ ነህ። በሩን ባትከፍትለት ከደጅህ ይመለሳል፤ ስድብ አይናገርህም፤ እኔም አልናገርህም። ግን የተዘጋውን በር እኔም አንኳኩቼ አልገባም።

አንድ ነገር ላክልኝ። ግድብ ላይ ስትሠራ ትለብሳቸው የነበሩት ነጭ ሸሚዞችህ፣ ከመታጠብ ብዛት የሳሱት፣ ከሣጥኑ ግርጌ አሉ። በፈላ ውሃ ብቻ እጠባቸው፣ ሳሙና አታስነካቸው። ፀሐይ ብልጭ ስትል በደንብ አድርቃቸው። አዲስ ጨርቅ እንዳትገዛ፤ አዲስ ይሻክራል፣ እንደምታውቀው ለጨቅላ የመጀመሪያ ልብስ ደግ አይደለም። የጎረቤት አሮጌ ልብስም ይሆናል ብያት ነበር። ሉዋ ግን «የአባባ ይሁን» አለችኝ።

ጉልበትህን አደራ። አያቶቻችን ቤትህን ይጠብቁ፣ እንቅልፍህን ያጣፍጡት፣ ልብህንም ያለዝቡት።

የሉዋ እናት