መኪናውን ማን ይንዳው

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

በመዝናኛ መርከብ ባሕር ላይ ነን። ትናንት ማታ ከሜልበርን ተነሳን። ትንሽ ነፋስ አለ፣ ማዕበል የለም። ቁርስ ላይ እንቁላልና ቤከን ሁለቴ ወሰድኩ። ባለቤቴ ሮስሊን አየችኝ።

ሐኪሙ «የሚሰማህን በየቀኑ ጻፍ» ብሎኛል። እሺ። ራስ ምታት... የለም። ማዞር... የለም። ባለፈው ኖቬምበር ወጥ ቤት ራሴን ስቼ ከወደቅኩ ወዲህ አልደገመኝም። መንጃ ፈቃዴን ግን እስኪጣራ ተብሎ ተወሰደ። ዕድሜዬን ሙሉ የወተት ቦቴ ስነዳ የኖርኩ ሰው! አሁን ወደ ሱቅ የምትነዳው ሮስሊን ናት። እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ ማርሽ ቀይሪ፣ ቀስ በይ፣ መብራት አለ... ለሁለታችንም አያስደስትም።

እራት ላይ ሦስተኛ ሰው ገበታችን ላይ ተመደበ። ደንከን ይባላል፣ ከባላራት። የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። ሰባ አልፎታል ግን ጸጉሩ አንድ ዘለላ አልሳሳም። ሸሚዙ ተተኩሷል። ማን ተኮሰለት?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ካንጋሩ ደሴት። በጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻው አደረሱን። እኔና ሮስሊን ብቻ በእግር ልንዞር ነበር ሐሳቡ። ደንከንም መጣ። «ካላስቸገርኳችሁ» አለ። ሮስሊን ከእኔ ቀድማ «ኧረ ምን ችግር አለው!» አለች።

ሰው ሲያወራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው የሚሰማው። የታመመች ላም ልብ የሚያዳምጥ ይመስል። ሮስሊን ደግሞ ታወራለች። ቤት ውስጥ እኮ እንዲህ አታወራም። ስለ ምን አወራች? ስለ ወፍ። ስለ ዳቦ። ምንም ቁም ነገር የለውም። ታዲያ ለምን ደሜ ፈላ?

ሦስት ጊዜ ሳቀች። ጎሽ ኔቪል፣ መቁጠርም ጀመርክ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

አደላይድ ነበርን። ሞቃት ነው። ገበያ ዞርን፣ ኮክ ገዛን። ቀኑ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር።

እራት ላይ ደንከን «ሮስሊን፣ አንቺ የታዝማኒያ ልጅ ነሽ ልበል?» አላት።

«በምን አወቅህ?»

«ድንች ስትልጪ አየሁሽ። የድንች አገር ልጅ እጅ ነው።» ከነልጣጩ የቀረበላትን ድንች በቢላዋ ትልጥ ነበር። እኔ ስትልጥ ዘመኔን ሙሉ አይቻታለሁ። ምንም ታየኝ? አልታየኝም።

ከዚያ ጀመረች። ስለ ተወለደችበት መንደር፣ ስለ ዊልሞት። አባቷ ድንች ያመርቱበት ስለነበረው ቀይ አፈር። እሱን አውቃለሁ። ከዚያ ስለ ዊኒ። ታናሽ እህት እንደነበረቻት፣ በልጅነቷ እንደሞተች አውቃለሁ። አንዴ ነግራኛለች፣ ሳንጋባ። «ትንሽ እህት ነበረችኝ፣ ሞተች።» እኔም አዝናለሁ አልኩ፣ አለፈ።

ዛሬ ግን ለደንከን እንዲህ አለችው፦ «እርሻው ላይ ያለው ኩሬ ውስጥ ነው። ከእኔ ጋር ነበረች።»

ከእኔ ጋር ነበረች።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬያት ተኝቻለሁ። ይህን ለማወቅ ከባላራት የመጣ የላም ሐኪም ማስፈለጉ ነው?

እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «የት ተቀበረች?» አለ።

«እዚያው መንደር። ከሄድኩ... አባቴ ከተቀበሩ ወዲህ አልሄድኩም።»

«ከነገ ወዲያ እኮ እዚያው ታዝማኒያ፣ ቡርኒ ወደብ እንቆማለን። ቅርብ ነው። መኪና እንከራያለን። እኔ እነዳለሁ።»

እኔ እነዳለሁ! እንዲህ ቀላል ነገር። አንድ ሰው አፉን በናፕኪን እየጠረገ የሚለው ነገር።

«የመርከቡ አውቶቡስ አለ» አልኩ። «ፔንግዊን ያሳያል።»

ሮስሊን ዞራ አየችኝ። «ፔንግዊን አይደለም የምፈልገው፣ ኔቭ።»

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ቀኑን ሙሉ ባሕር። ቀኑን ሙሉ ጭቅጭቅ... ጭቅጭቅ እንኳ አይባልም። እሷ ትጠብቃለች፣ እኔ አልናገርም።

መኪና ወደሚያስይዙበት ጠረጴዛ ሁለቴ ሄድኩ። አስተናጋጇ «ጌታዬ፣ ሁለት መኪና ነው የቀረን» አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ የጀልባ ሥዕል ያለበት ፖስትካርድ አየሁ። ማን ብዬ ላስይዝ? ሹፌር የሚለው ላይ የማን ስም ይጻፍ? የኔ አይሆንም። የደንከንን በገዛ አፌ ልናገር? የሮስሊን... ያ ተራራማ መንገድ፣ ያ ጠመዝማዛ... አይ።

ከምሳ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ጠየቀችኝ።

«ምን አሰብክ?»

«መንገዱ ጠባብ ነው። ግንድ የሚጭኑ ትልልቅ መኪናዎች አሉ። ጎማ ቢፈነዳስ? መርከቡ እኮ አይጠብቅም፣ ሮስ። ጥሎን ቢሄድስ?»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ታዲያ ምንድነው የጠየቅሽኝ?»

«ትወስደኛለህ ወይ ነው።»

«እንደማልነዳ እያወቅሽ?»

«ንዳ አላልኩህም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ከእሱ ጋር ሂጂ! እሱ ይነዳልሻል፣ እሱ ይሰማሻል። ለእሱ ሁሉንም ትነግሪዋለሽ አይደል?» አልኳት።

ከዚያ ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ።

«ኔቭ... ቀንተህ ነው እንዴ?»

«በማን? በዚያ የላም ሐኪም?»

«እሱ ጠየቀኝ። ለዚህ ነው የነገርኩት። ሰው ጠየቀኝ።» ፎጣዋን ይዛ ወጣች።

እራት አልሄድኩም። ሆዴን አሞኛል አልኩ። አላመመኝም። አሁን እዚያ ገበታ ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዛሬ ጠቦት ጥብስ ነው... እኔ እዚህ ብስኩት እበላለሁ። ምን እያወሩ ይሆን? ስለ እኔ? ስለ እኔ ባያወሩ ይሻላል ወይስ ቢያወሩ?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13፣ ጠዋት

ቡርኒ። መርከቡ ወደቡ ላይ ሲታሰር ሰማሁ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኝቼ ነበር። እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ ታውቃለች።

«እሄዳለሁ፣ ኔቭ። ትመጣለህ?»

ምን ቸገረኝ? አዎ ማለት እኮ አንዲት ቃል ናት። አፌ አልከፈት አለ። ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ጫማዋ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፣ ይኼ ነው የባሰብኝ።

ቁርስ ወረድኩ። ደንከን የለም። የሚወደው መስኮት ጋር የለም። ቡና ጋር የለም።

እንግዲህ አብረው ሄደዋል።

ላይኛው ደርብ ወጣሁ። ወደቡ ላይ የተፈጨ እንጨት ተራራ አህሎ ተከምሯል። ከጀርባው የመኪና ማቆሚያው። አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ከሰልፉ ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈች። ሹፌሩ ማን ነው? አንድ ሰው ነው ሁለት? ፀሐይ መስታወቱ ላይ አርፋ ምንም አላየሁም። የመርከቡን አጥር ይዤ ዓይኔ እስኪያነባ አየሁ።

ከሰዓት

ካርታ ጨዋታ ሞከርኩ። ተሸነፍኩ። አብሮኝ የሚጫወተው ሰው «ሐሳብህ ሌላ ቦታ ነው» አለኝ። ሌላ ቦታ ነው፣ አዎ። አንዲት ነጭ መኪና ውስጥ ነው፣ ከኋላ ወንበር። ሁሉን አያለሁ። እሱ በአንድ እጁ መሪውን ይዟል። ሳይጣደፍ፣ ሳይሰብክ። እሷ መስኮቱን ከፍታ «እዚህ ትምህርት ቤት ነበር፣ እዚህ የጆንሰኖች ቤት ነበር» ትላለች። መቃብሩ ጋ ታለቅሳለች። ያኔ ትከሻዋን ማን ይይዛል?

የኔ ቦታ ነበር እኮ።

ከዚያ... መጻፍ ያሳፍራል ግን ልጻፈው። ሻይ ልወስድ ወደ ኋለኛው ደርብ ስዞር ደንከን ቁጭ ብሏል። ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ዝንጅብል ሻይ እየጠጣ።

«አንተ እዚህ ነህ?» አልኩት። ድምፄ እንደ ጩኸት ወጣ።

«ሌሊቱን ሙሉ መጸዳጃ ቤት ነው ያደርኩት። ጠቦቱን ትቼ የበላሁት ያ ዓሣ... አሁን ነው ነፍስ የዘራሁት። አንተስ? ከሮስሊን ጋር ሄዳችሁ መስሎኝ።»

«ከአንተ ጋር የሄደች መስሎኝ።»

ትክ ብሎ አየኝ። ገባው። ሞኝ አይደለም።

«ቁጭ በል፣ ወዳጄ» አለ። «ትናንት እራት ላይ እነዳልሻለሁ አልኳት፣ እንቢ አለች። ምን እንዳለች ልንገርህ? ‹ካንተ ጋር ብሄድ ኔቭ ይጎዳል። ከኔቭ ጋር ብሄድ ከጎን ሆኖ እሱ ነው የሚነዳኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ› አለች።»

ብቻዋን። በዚያ መንገድ። ያቺ ወደ ሱቅ ስትሄድ እኔ በየመስቀለኛ መንገዱ የምጮህባት ሴት።

ሻዩ በረደ። ይህን ሰው ለመጥላት ያን ያህል ደክሜ... አሁን መርከቡ ላይ የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ማታ

አሁን ሁሉንም በተራው ልጻፍ።

መሳፈሪያው ሊዘጋ ሲቃረብ እኔና ደንከን አጥሩ ጋ ነበርን። አውቶቡሶቹ ሁሉ ተመልሰዋል። ፔንግዊን ያዩት ሁሉ ተሳፍረዋል። ነጯ መኪና የለችም። ከዚያ ድምፅ ማጉያው «ሮስሊን ቲንዴል፣ ሮስሊን ቲንዴል፣ እባክዎን...» አለ። እኔ ነኝ ያልኩት፦ ጎማ ቢፈነዳስ፣ ግንድ ጫኝ ቢመጣስ። መዓቱን የጠራሁት እኔ ነኝ።

«ልወርድ ነው» አልኩ።

«ወርደህ የት ትደርሳለህ?»

«አላውቅም። መርከቡ ቢሄድ ግን እሷ ብቻዋን አትቀርም።»

ወረድኩ። መውረጃው ድልድይ ላይ ያለው ጠባቂ «ጌታዬ፣ ከወጡ ልንዘጋ እንችላለን» አለኝ። «ዝጋ» አልኩት። ወደቡ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ነፋሱ የእንጨት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ይረጫል።

መጣች። እንዴት እንደመጣች! ኩርባውን አጥብቃ ዞረች፣ መኪናዋን አንዲት ስንዝር ሳታዛንፍ መስመሩ ውስጥ አስገባች፣ ቁልፉን ለተረካቢው ወረወረችለት፣ ከዚያ ሩጫ። ሮስሊን ስትሮጥ መቼ ነበር ያየሁት?

«አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለች እያለከለከች።

«እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ቢዘጋብህስ?»

«አብሬሽ ልቀር ነዋ።»

አየችኝ። እጄን ያዘችና ጎተተችኝ። እንደ ሁለት ተማሪ እየሮጥን ገባን። ላይ ደርብ የነበሩት አጨበጨቡ፣ ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ።

ክፍላችን ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ ነው፣ ጫማዋ ቀይ ጭቃ። መንገድ ስታ ነበር። ድንች ከጫነ ትራክተር ኋላ ረጅም ሰዓት አዘገመች። መቃብሩን ሣር ውጦት ስታጣው ቆየች፣ በእጇ ነጨችው።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። የልቤን ተናገርኩ።

«ስለ ዊኒ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

ነገረችኝ። ዊኒ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። የአባቷን ቦት ጫማ አጥልቃ ጥጆቹ ጋ እየሄደች ትዘፍንላቸዋለች፣ ጥጆቹም እውነት ይከተሏታል። ለሁሉም ስም አውጥታለች፣ የሁሉም ስም «ወይዘሮ» ብሎ ይጀምራል። ክረምት ነበር። ኩሬው ዳር በረዶ ይዟል። ዊኒ ሸርተት አለች፣ ሮስሊን እጇን ያዘቻት። ያዘቻት! እሷም ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ባላት ጉልበት ሳበች።

«አልለቀቅኳትም፣ ኔቭ። ጓንቷ ነው የወለቀው። ጓንቷ እጄ ላይ ቀረ።»

በየክረምቱ ጓንት እገዛላት ነበር። ሱፍ፣ ቆዳ፣ አንዴ ውድ የሆነ ከውስጡ ጸጉር ያለው። አንዱንም አጥልቃ አታውቅም። አመስግና መሳቢያ ውስጥ ትከታለች። እኔ ደግሞ ብርድ የማይሰማት ሴት አገባሁ እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።

ይህን አልነገርኳትም። እጇን ያዝኩ። እራት አልበላንም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ባሕር። አብዛኛውን ቀን ተኛች። እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት። ራስ ምታት የለም። ማዞር የለም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሆባርት። ቁርስ ላይ ሮስሊን «መኪና እንከራይ?» አለች። «አንቺ ካልሽ» አልኩ። በሷ ስም አስያዝን። ደንከንን የጋበዝኩት እኔ ነኝ፣ ይኸው ተጽፏል። ጉልበቱ አይታጠፍም ብሎ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ፣ ኮትና ቦርሳ መሐል።

ቅናቴ ጠፋ ብል ውሸት ነው። ጀርባውን እያየሁ፣ ያ ጸጉር... ደግሞ የሆነ ቀልድ ነገራትና ሳቀች፣ እኔ አልሰማሁትም፣ ድገመው ማለትም አልፈለግኩም። ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ ስንወጣ መንገዱ አንዳንድ ቦታ ገደል ነው። እግሬ ወለሉን ገፋ፣ አፌ ግን ተዘጋ። በደንብ ነው የምትነዳው። እውነቱን ለመናገር ኩርባ ላይ ከኔ ትሻላለች።

ጫፍ ልንደርስ ስንል ደንከን «ትንሿ እህትሽ... ዊኒ... ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» አላት።

ሮስሊን ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«ኔቭን ጠይቀው» አለች። «እሱ ያውቃታል።»

ደንከን ወደ ኋላ ዞረ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከጥጆቹ ጀመርኩ።