የተቀያየሩት ሁለት ስክሪኖች

ለዋርካ ሥር የራጅ ምርመራ ማዕከል
ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በተቀያየረ ስክሪን ራጃቸው የተነበበላቸው አቶ ሀቢቡላህ በአስቸኳይ እንዲጠሩ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች መንበረ ዋቅጋሪ የበቾ ቦሬ ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው በአነስተኛ ሱቅ ነው። በቃል ብመላለስም “በጽሑፍ አምጪ” ስለተባልኩ ይህን አቤቱታ አቅርቤአለሁ። ጽፌም ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳልባል አደራዎን።

1. ባለቤቴ አቶ ገላና በመስከረም ወር በማዕከልዎ የደረት ራጅ ተነሥቶ በሳንባው ላይ ጥላ በመታየቱ መድኃኒት ተጀመረለት። ያኔ ማተብህን አውልቅ ቢባል “ለበሽታ ብዬ ማተቤን አልፈታም” ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ የአንገቱ የብር መስቀል ራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። በጥር ወር ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን ለምኜም ተቆጥቼም አስወለቅሁት። ምርመራው እስኪያልቅ ማተቡን በእጄ ጨብጬ የቆምኩት እኔ ነኝ።

2. ዶክተር ሩት ሁለቱን ራጆች በሁለት ስክሪን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩን። በግራው ስክሪን ጠርዝ ላይ “የቀድሞ”፣ በቀኙ ላይ “የአሁን” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። “የአሁን” በሚለው ላይ ያለው ጥላ ሰፊ ነበር። መድኃኒቱ አልሠራም፣ ጥላው አድጓል፣ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ይሂድ ተባልን።

3. ከእኛ ቀጥለው የገቡት የሰርቦው ልብስ ሰፊ አቶ ሀቢቡላህ ናቸው። በዚያው በመስከረም ሕክምና ጀምረው፣ ወረፋ ስንጠብቅ ከባለቤቴ ጋር የተወዳጁ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጥላው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ መድኃኒቱ ይብቃዎት ተብለው ወጡ። የእኛን ፊት ሲያዩ ደስታቸውን ዋጥ አድርገው ገላናን አቅፈው አለቀሱ። ሰርቦ ሲገቡ ሰደቃ አወጡ።

4. ቤት ገብተን ማተቡን መልሼ ሳስርለት እጄ አንገቱ ላይ ቀረ። መስቀሉን ያየሁት “የአሁን” በሚለው ስክሪን ላይ ነበር! አውልቆ በተነሣው ራጅ ላይ መስቀል ከየት መጣ? በማግስቱ የማዕከልዎ በር ሳይከፈት ደረስኩ። የኮምፒውተር ባለሙያው አቶ ኢሕሳን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሳያንጓጥጡ ሰሙኝ። በግራው ስክሪን ላይ ያለውን የማውስ ቀስት ወደ ቀኝ ቢገፉት ጠርዙ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ወደ ግራ ቢገፉት በቀኙ ስክሪን ብቅ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንደኛው ስክሪን ተቃጥሎ ነበርና አዲሱ ሲተካ ገመዶቹ ተቀያይረው ተሰክተዋል። የግራው ሥዕል በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ይወጣ ነበር። ወረቀቶቹን ግን ማንም አልነካቸውም። በራጁ ጥግ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ዓይን የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው።

5. ገመዱ ተስተካከለ። የገላና ራጅ እንደገና ሲነበብ ጥላው አንሷል ተባለ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ሳለ አቶ ሀቢቡላህ ትዝ አሉኝ። የእኛ ከተገለበጠ የእሳቸውስ? ያው ክፍል፣ ያው ስክሪን ነው። ካርድ ክፍል ወይዘሮ የኔነሽን ብጠይቅ “ባለጉዳዩ ራሱ ካላመለከተ የሌላ ሰው ራጅ አይከፈትም” አሉኝ። ኧረ በፈጣሪ! ሰው ያላወቀውን ነገር እንዴት አድርጎ ያመለክታል? ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አንድ ሠራተኛ ደግሞ ወደ ጥግ ወስደው “የማዕከሉ ስም ይጠፋል፣ የአንቺው ባል ድኖልሻል፣ ተዪው” አሉኝ።

6. ቢጨንቀኝ እኔው ደወልኩላቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መርዶም በስልክ አይነገርም። “አንድ ጊዜ ተመልሰው ይታዩ” ብቻ አልኩ። “ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ድነሃል ያለኝ ሐኪም ሳይጠራኝ አንቺ ትጠሪኛለሽ? አላህን መፈታተን ይሆንብኛል” ብለው ሳቁ። መድኃኒቱን ከተዉ ሰነባበቱ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ማዕከልዎ አቶ ሀቢቡላህን ዛሬውኑ በራሱ ስልክ እንዲጠራቸው እለምናለሁ፤ ቁጥራቸው ካርዳቸው ላይ አለ። ስክሪኑ ከተተካ ጀምሮ ራጃቸው የተነበበላቸው ሌሎችም እንደገና እንዲታዩ እጠይቃለሁ። ከእነሱ ውስጥ ማን በከንቱ እንደሚያለቅስ፣ ማን መድኃኒቱን ጥሎ እንደሚስቅ እኔ አላውቅም። እርስዎ ግን ማወቅ ይችላሉ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አቶ ሀቢቡላህ ደወሉ። ገላና እንደተሻለው እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው የራሳቸውን ይረዱታልና። ደስታዬን እንደ ሌባ ደብቄ ተቀምጫለሁ። የደወሉት እኔን ሊያጽናኑ ነው። “በየሶላቱ ዱዓ እያደረግሁለት ነው፣ ተስፋ አትቁረጪ” እያሉኝ ሳል ያዛቸው። እስኪለቃቸው ስልኩን ይዤ ጠበቅሁ። አልለቅ ሲላቸው ባለቤታቸው ረሺዳ ስልኩን ተቀብላ “ብርድ ነው የመታው፣ ነገ ይደውልልሻል” አለችኝ።

ከአክብሮትና ከብርቱ ስጋት ጋር

መንበረ ዋቅጋሪ
(ፊርማ)
በቾ ቦሬ፣ ጅማ