ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ

ሞላሌ፣ ጥር 1996

ራውዳዬ፣

አብረን የጻፍነውን ተውኔት ዛሬ የሞላሌ ልጃገረዶች በትምህርት ቤታቸው ሜዳ ላይ ሠሩት። የበግ ጠጉር ጢም ለጥፈው ሽማግሌ የሆኑት ልጆች፣ ባሏ ደብድቧት አባቷ ቤት የገባችውን ሚስት ሊያስታርቁ መጡ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለለት አይቀመጥምና እነሱም ቆሙ። አባት የሆነችው ልጅ «እሺ» ልትል ስትል ከተመልካቹ መሃል አንዲት ባልቴት፣ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ብድግ አሉ።

«እሷን ሳትጠይቁ? እኔንም በአሥራ አምስት ዓመቴ እንዲሁ ነው የመለሱኝ!»

ጢማሞቹ ደንግጠው ወደ ሚስቲቱ ዞሩ። ሚስት የሆነችው ልጅ እኔን አየችኝ። እኔ ጽሑፉን ባገላብጥ ምንም የለም። ይሄኔ ከራሷ አውጥታ፣ «እስካስብበት ቁሙ!» አለቻቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ቁጭ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ቀሩ። እዚያ አዲስ አበባ ቢሆን ሰው አጨብጭቦ ወደ ታክሲው ይሮጥ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ከሜዳው አልነቃነቅ አለ፣ መልሷን ሊሰማ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ብርዱ አይጣል ነው፤ ለእናትሽ የመንዝ ባና ገዝቻለሁ፣ ሳሚልኝ። ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ለሴት ጥብቅና ቆምን ብለን ስንጽፍ፣ እዚያ ቦታ ላይ ለሚስቲቱ አንዲት ቃል እንኳ ሳንሰጣት እንዴት አለፍን?

ኮከብ